የደመራ ፎቶዬ ላይ ያሉት አረንጓዴ ነጥቦች ከየት መጡ?

የቀበና ልጅ (መስከረም 18፣ ጠዋት)
ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ።

ደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ ነበርኩ። በስልክ ብዙ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ከመሸ በኋላ የተነሱት ላይ ሁሉ ጨለማው ሰማይ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነጥቦች አሉ። ቪዲዮው ደግሞ ይብሳል፤ ስልኩን ሳዞር ነጥቦቹ ሰማዩ ላይ ይንሸራተታሉ። እህቴ "ድሮን ነው" ብላ ድርቅ አለች። እናቴ ሌላ ነገር ነው ያለችው፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ስልኩ ገና አዲስ ነው። ሌንሱ ተሰነጣጥቆ ይሆን? ለሻጩ ልመልሰው?

ሠርግ አንሺ
ወንድሜ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። አትመልሰው፣ ስልክህ ምንም አልሆነም።

ፎቶውን ክፈትና ይህችን ሞክር። ከአንዱ መብራት ተነስተህ በፎቶው መሀል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በዓይንህ አስምር። መብራቱ ከመሀል የራቀውን ያህል ወደ ማዶ ሂድ። ነጥቧን እዚያ ታገኛታለህ። መብራቱ ታች በስተግራ ከሆነ እሷ ላይ በስተቀኝ ናት። ብዙ መብራት ካለ ነጥቦቹም ይበዛሉ፤ አሰላለፋቸው የመብራቶቹ ግልባጭ ነው። የአደባባዩ ፓውዛዎች ናቸው ተገልብጠው ሰማይ ላይ የወጡልህ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ዳር ዳሩን የቆረጥከው ፎቶ ላይ አትሞክረው። መሀሉ ቦታውን ይቀይራላ።

የቀበና ልጅ
እንዴ! በትክክል። ግራ በኩል ሦስት ፓውዛ አለ፣ ቀኝ በኩል ሰማዩ ላይ ሦስት ነጥብ። መሀለኛው ፓውዛ ከሌሎቹ ደመቅ ይላል፣ መሀለኛዋ ነጥብም እንደዚያው። ለእህቴ አሳየኋት፣ ዝም ብላ ሄደች።

ግን ለምን? ቀን ሳነሳ ለምን አይታየኝም? አረንጓዴስ ለምን ሆነ?

ፊዚክስ ነው ነገሩ
እኔ ልመልስ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሡኝ።

ልባስ፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን፣ የሌለው መስታወት እያንዳንዱ ፊቱ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን መልሶ ያንጸባርቃል። ማታ መስኮት ላይ የራስህን ፊት የምታየው በዚህ ነው። ሌንስ ደግሞ አንድ መስታወት አይደለም። የትልቅ ካሜራ ዙም ሌንስ ውስጥ ከ15 በላይ ሊደረደር ይችላል፣ እያንዳንዱ ሁለት ፊት አለው። ብርሃኑ ከአንዱ ፊት ይመለሳል፣ ከሌላው እንደገና ይመለስና ያልታሰበበት ቦታ ላይ ሴንሰሩን (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገውን ክፍል) ይነካል። ፎቶ አንሺዎች ጎስት የሚሉት ይህን ነው። ቅርጽ ሳይይዝ በመላው ፎቶ ላይ ተበትኖ ጥቁሩን ግራጫ ሲያደርገው ደግሞ ጭጋግ ይመስላል። ሁለቱም የፍሌር፣ ማለትም ሌንስ ውስጥ የሚንከራተት ያልተፈለገ ብርሃን፣ ዓይነቶች ናቸው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። ሁለት ጊዜ የተመለሰ ብርሃን ከ4 በመቶው 4 በመቶ ነው፤ ከ625 አንድ እጅ ማለት ነው። በዘመናዊ ልባስ እያንዳንዱ ፊት ግማሽ በመቶ ብቻ ቢመልስ ከ40,000 አንድ እጅ ይሆናል። ኢምንት ይመስላል። ግን ፓውዛው ከጨለማው ሰማይ በስንት እጥፍ እንደሚደምቅ አስበው። ለዚያ ሰማይ ከ40,000 አንዷም ትበቃዋለች። ቀንም ነጥቧ አለች፤ ደማቅ ሰማይ ላይ ስለምታርፍ ነው የማትታይህ።

የስልክ ነገር ትንሽ ይለያል። ሴንሰሩ ራሱ ያብረቀርቃል። እዚያ ካረፈው ብርሃን ጥቂቱ በመጣበት ሌንስ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ከፊት ያለው ጠፍጣፋ መሸፈኛ መስታወት ደግሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሁለተኛ ሲገባ ከመሀል ማዶ በእኩል ርቀት ያርፋል፣ ለዚያውም ፎከስ ሆኖ። ነጥቧ ትንሽና ጥርት ያለችው፣ የፓውዛው ግልባጭ የሆነችውም በዚህ ነው።

ቀለሙ ከልባሱ ነው። ልባሱ ሁሉንም ቀለም እኩል አያጠፋም። ያመለጠው ቀለም ነው የሚታይህ፤ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሐምራዊ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ የአንተ ስልክ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አይፎን 5 ሲወጣ ሐምራዊ ጭጋጉ ብዙ አስጮኸ። የአፕል መልስ ባጭሩ "ካሜራውን ትንሽ አዙሩት ወይም ሌንሱን በእጃችሁ ከልሉ" የሚል ነበር። ሰዉ ተናደደ። ምክሩ ግን ልክ ነው።

የቀበና ልጅ
እሺ ገባኝ። ታዲያ በቀጣዩ ምን ላድርግ? መብራቱን አጥፉልኝ አልል።

ሠርግ አንሺ
መጀመሪያ ሌንሱን ጥረግ። የምሬን ነው። ስልክ ስናወጣ ጣታችን መጀመሪያ የሚያርፈው ሌንሱ ላይ ነው። ቅባት ያለበት ሌንስ ነጥብ ሳይሆን ረጅም ጨረር ነው የሚያወጣው፤ ከእያንዳንዱ መብራት ወዲያና ወዲህ የሚዘረጋ መስመር። ቅባቱ ወደ ጎን ከተዳመጠ ጨረሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል። በሸሚዝህ ጫፍ ካሻሸኸው ቅባቱን ታዞረዋለህ እንጂ አታጠፋውም። እፍ ብለህ በእስትንፋስህ አርጥበውና በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ጥረገው።

ከዚያ ስክሪኑን እያየህ ስልኩን በጣም በትንሹ አዘንብል። ነጥቧ ስትሄድ ታያታለህ። ወይ ከፍሬም አስወጣት፣ ወይ ደማቅ ነገር ላይ ጣላት፣ እሳቱ ላይ ካረፈች ማንም አያያትም። ሌላው ዘዴ ዋናውን መብራት ልክ መሀል ላይ ማድረግ ነው። ያኔ ነጥቧ ራሱ መብራቱ ላይ ትወድቃለች። ደመራው ራሱ መሀል ላይ ቢሆን ምን ይለዋል? ፓውዛውን ደግሞ ከሰው ጭንቅላት ወይም ከባንዲራ ጀርባ ደብቀው።

የድሮ ስቱዲዮ
ልጆቼ፣ ጥሩ ተነጋግራችኋል። እኔ ከፊልም ዘመን ነኝ፣ ትንሽ ልጨምር።

ይህ ልባስ የምትሉት ነገር ትልቅ ፈጠራ ነው። የጀርመኑ ሌንስ ሠሪ የዛይስ ሰው አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው ያመጣው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሌንሶች መስታወታቸው እንዲያንስ ይደረግ የነበረው አንዱም ለዚህ ነው፤ ፊት በበዛ ቁጥር ጭጋጉ ይበዛልና። ዛሬ ያን ሁሉ መስታወት ደርድረው ዙም የሚሠሩት ልባሱን ተማምነው ነው።

አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል። ሠርግ ቤት ስሄድ የማየው ልጅ ሁሉ ሁዱን (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የብርሃን መከለያ) ገልብጦ ሌንሱ ላይ አድርጎታል። ሱቅ ውስጥ እንደመጣ። ሁድ የሚሠራው ወደ ፊት ሲዞር ነው! ፀሐይዋ ፍሬም ውስጥ ባትኖርም ከጎን መጥታ የፊተኛውን መስታወት ከነካች ፎቶው ይነጣል። ጥቁር ሱፍ ግራጫ ይሆናል፣ ቬሎው ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ኮንትራስት ሲጨምር ያድራል። ሁድ ካጣችሁ እጃችሁን ከሌንሱ በላይ ዘርጉ፤ ጥላው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ልዩነቱን በመመልከቻው ታያላችሁ።

ደግሞ ፍሌርን ሁሉ ጠላት አታድርጉ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይን ከሙሽራዋ ጀርባ አድርጋችሁ ስታነሱ የምትገባው ያቺ ሞቅ ያለች ጭጋግ ያምርባታል። አውቃችሁ ካመጣችኋት የእናንተ ናት።

የቀበና ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ለአንድ ሠርግ ቪዲዮ ለሚሠራ ጓደኛዬ አሁኑኑ ልኬለታለሁ። ሁዱ እስከዛሬ እንደተገለበጠ ነው።

ቬሎና ካባ
እኔም ጥያቄ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሳነሳ ጧፎቹ ተገልብጠው ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ይታዩኛል። ነጥብ ብቻ አይደለም፣ የእሳቱ ቅርጽ ራሱ፣ ጫፉ ወደ ታች። ስልክ አይደለም፣ ጥሩ ካሜራና ጥሩ ሌንስ ነው።

ፊዚክስ ነው ነገሩ
ሌንሱ ፊት ላይ ዩቪ ፊልተር (ያ የሚጠመዘዘው ጠፍጣፋ መስታወት) አለህ?

ቬሎና ካባ
አዎ፣ ለመከላከያ። ርካሽ ነው ግን።

ፊዚክስ ነው ነገሩ
እሱ ነዋ። ስልክ ላይ መሸፈኛ መስታወቱ የሚሠራውን እዚህ ፊልተሩ እየሠራው ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ ከሴንሰሩ የተመለሰውን መልሶ ይልካል። ለጧፍና ለማታ መብራት ስትሆን አውልቀው። ሌላ ጊዜ አቧራና ዝናብ ሲኖር መልሰህ አድርገው። ልባሱ ጥሩ የሆነ ፊልተር ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ጃን ሜዳ
ሁሉንም ነገር በመስታወት አትተርጉሙ እንጂ። ከተራ ማታ ያነሳሁት ፎቶ አለኝ። ታቦቱ ካረፈበት ድንኳን በላይ ነጫጭ ክቦች ሞልተዋል፣ እንደ ጨረቃ የሚያበሩ። በዓይኔ አላየኋቸውም፣ ካሜራው ግን አየ። ይህንንስ ነጸብራቅ ልትሉት ነው? እኔ መላእክት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ፊዚክስ ነው ነገሩ
እምነትህን አልነካም ወንድሜ። ስለ ፎቶው ብቻ ልጠይቅህ። ፍላሽ በርቶ ነበር?

ጃን ሜዳ
በርቶ ነበር። ጨለማ ነበራ።

ፊዚክስ ነው ነገሩ
ልክ ነህ፣ ይህኛው የመስታወት ነጸብራቅ አይደለም። አቧራ ነው። ከተራ ማታ ጃን ሜዳ ያን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ አቧራ ባይኖር ነው የሚገርመው። ከሌንሱ ፊት በስንዝር ርቀት የምታልፍ ብናኝ ፍላሹ ይመታታል። በጣም ቅርብ ስለሆነች እጅግ ታበራለች። ከፎከስ ውጭ ስለሆነች ደግሞ ትለጠጣለች። ክብ የሆነችው ብናኟ ክብ ስለሆነች አይደለም፤ ከፎከስ ውጭ ያለች የብርሃን ነጥብ የሌንሱን ቀዳዳ ቅርጽ ስለምትይዝ ነው። ካፊያ ሲኖርም፣ ጠበል ሲረጭም እንዲሁ ነው። ስልክና ትንንሽ ካሜራ ላይ የሚበዛው ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ነው።

እዚያው ቦታ ቆመህ ተከታታይ ፎቶ ብታነሳ ክቦቹ በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ቦታ ይሆናሉ። ፍላሹን ብታጠፋ ይጠፋሉ። መፈተን ቀላል ነው።

ጃን ሜዳ
ፎቶውን ግን አልሰርዘውም።

የድሮ ስቱዲዮ
ለምን ይሰርዛል? የከተራ ፎቶ አይደል እንዴ። አቧራውም የበዓሉ ነው።

ሜሪላንድ ነኝ
ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። እኔ ጋ ያለው ደግሞ ከሁላችሁም ይለያል። አረንጓዴም አይደለም፣ አያበራምም። ጥቁር ግራጫ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ክብ ነጥብ ሰማዩ ላይ። ሁልጊዜ እዚያው ነው፦ ላይ በስተግራ። ሌንስ ቀየርኩ፣ አልሄደም። የሚገርመው ቤት ውስጥ የተነሱት ላይ የለም። ውጭ በኤፍ 16፣ የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጥብቤ ሳነሳ ብቻ ነው።

ሠርግ አንሺ
ሌንስ ስትቀይር ካልሄደ ሌንሱ ንጹሕ ነው። ሴንሰርህ ላይ አቧራ አለ። በትክክል ለመናገር ሴንሰሩን የሸፈነው ስስ መስታወት ላይ።

ቤት ውስጥ የማታየው አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ስለምትከፍት ነው። በኤፍ 2.8 ብርሃኑ ከሰፊ ቀዳዳ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የብናኟ ጥላ ይበተናል። በኤፍ 16 ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ጥላው ይጠቁራል። ስለዚህ የመልክዓ ምድር አንሺዎች ናቸው በዚህ የሚማረሩት። ለመፈተሽ እንዲህ አድርግ፦ ኤፍ 22፣ አውቶ ፎከሱን አጥፍተህ ፎከሱን ወደ ሩቅ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት። ሻተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውን መጋረጃ) ወደ አንድ ሰከንድ አዘግየውና እያነሳህ ካሜራውን አወዛውዘው። ግድግዳው ይደበዝዛል፣ ካሜራው ውስጥ ያለው አቧራ ግን አብሮ ስለሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሴንሰሩ ላይ ያለው ምስል የተገለበጠ መሆኑን አትርሳ። ሌንሱን አውልቀህ ከፊት ስታይ ፎቶው ላይ "ላይ በስተግራ" ያለችው ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ታች በስተግራ ናት። ላይና ታቹ ይገለበጣል፣ ግራና ቀኙ ከፊት ለሚያየው እንደነበረ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ንጹሑን ጥግ ሲጠርግ ይውላል።

አጸዳዱ፦ መጀመሪያ የካሜራውን የራሱን ማጽጃ አስነሳ። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢ-1 በተባለው ካሜራው ላይ የሴንሰሩን መስታወት በማንቀጥቀጥ አቧራ የሚያራግፍ ነገር ካመጣ በኋላ አብዛኛው ካሜራ ውስጥ ገብቷል። ካልወጣ የጎማ መንፊያ ያዝ፣ ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርግና ንፋ። በአፍህ እንዳትነፋ፣ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። በጣሳ የሚሸጠውን የተጨመቀ አየርም ተው፣ ፈሳሹ ሊረጭበት ይችላል። ከሴንሰሩ ፊት የሚነሳ መመልከቻ መስታወት (ሚረር) ያለው የድሮው ዓይነት ካሜራ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሀል ላይ ቢጠፋ ሻተሩ እጅህ ላይ ይዘጋል።

ቅባት ከሆነ ግን በንፋስ አይወጣም። በሴንሰሩ ስፋት ልክ የተሠራ መጥረጊያና የራሱ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ለትልቁ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) የ24 ሚሊሜትሩን፣ ለአነስተኛው (ኤፒኤስ-ሲ) የ16ቱን። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ ከዚያ ጣለው። እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለባለሙያ ስጠው።

ሜሪላንድ ነኝ
አመሰግናለሁ። ቅባት ከየት ይመጣል ግን? እኔ አልነካሁት።

ፊዚክስ ነው ነገሩ
ከካሜራው ከራሱ። ሻተሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አካል አለ፣ ለእሱ የሚቀባው ሊረጭ ይችላል። የታወቀው ጉዳይ የኒኮን ዲ600 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ ሴንሰሩ ላይ ነጥብ እየበዛ ተቸገሩ፣ በ2014 ኩባንያው ሻተሩን በነጻ እቀይራለሁ አለ። የቅባት ነጥብ መሀሉ ገርጣ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቀለበት ይመስላል።

ዱባይ ያለችው
እኔ እዚህ ያለኝን ችግር ልንገራችሁ። ከኤሲ ቤት ወጥቼ ካሜራውን ስከፍት ፎቶው ሁሉ ወተት ይሆናል። በተለይ ነሐሴ ላይ።

ሠርግ አንሺ
እህቴ፣ ያ ጤዛ ነው። ቀዝቃዛ መስታወት እርጥበት ያዘለ ሙቅ አየር ሲያገኝ ያልበዋል። አትጥረጊው፣ ተመልሶ ይመጣል። ሌንስም እንዳትቀይሪ፣ እርጥበቱ ውስጥ ይገባል። ቤት ሳለሽ ካሜራውን አፉ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጊው፣ ይዘሽው ውጪ፣ ሞቅ እስኪል ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቂ። ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል።

ቤት ስታስቀምጪው ደግሞ እርጥበት ከሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ጋር ይሁን። እርጥበት ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ በባትሪ መብራት ስታዪው የሸረሪት ድር የመሰለ ክር መስታወቶቹ መሀል ታያለሽ። ሻጋታ ነጥብ አያወጣም፣ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ ፀሐይ ስትገባ ያጨሰዋል። አሮጌ ሌንስ የምትገዙ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ መብራት ውስጡን እዩ።

ራስ ዳሸን
ስሜን ላይ ከዋክብት ሳነሳ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል። መርፌ ጫፍ የምታክል። ኮከብ አይደለም፣ ሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ነው። ይህም አቧራ ነው?

ፊዚክስ ነው ነገሩ
አቧራ ጥቁርና ደብዛዛ ነው፣ ያንተ ባለ ቀለምና ስል ነው። ሆት ፒክስል ይባላል። ብርሃን ሳያገኝ ራሱ የሚያበራ ፒክስል ነው። ሻተር በቆየ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት መጠን) ከፍ ባለ፣ ካሜራው በሞቀ ቁጥር ይበዛል። ስሜን ብርድ ሆኖ እንኳ ካየኸው ዳናኪል ብትሄድ ምን ሊሆን ነው?

የሌንሱን ክዳን ገጥመህ በዚያው ሻተርና አይኤስኦ አንድ ጥቁር ፎቶ አንሳ። እዚያም ካሉ እነሱ ናቸው። ካሜራህ የረጅም ኤክስፖዠር ማጥሪያ ካለው ይህንኑ ራሱ ይሠራልሃል፤ ብቻ ለእያንዳንዱ ፎቶ ያነሳህበትን ያህል ጊዜ ተጨማሪ ያስጠብቅሃል። ጥገናው ሜኑ ውስጥ ፒክስል ማፒንግ ወይም የሴንሰር ማጽጃው ሥር ይገኛል።

የሙዚቃ ድግስ የምታነሱ ደግሞ የመድረኩን ሌዘር ተጠንቀቁ። ጨረሩ በቀጥታ ሌንስ ውስጥ ከገባ ሴንሰሩን ያቃጥላል። ያ ነጥብ ወይም መስመር አይለቅም፣ ሴንሰር ይቀየራል።

የቀበና ልጅ
የመጨረሻ ጥያቄ። ያነሳኋቸውንስ? የደመራ ፎቶዎቹን መተው አልፈልግም።

ሠርግ አንሺ
ጨለማ ሰማይ ላይ ስለሆነ ቀላል ነው። የስልክህ ኤዲተር ውስጥ ማጥፊያ ካለ ነጥቧን ብቻ ንካ፣ ሰፊ አትቀባ። ሰው ፊት ላይ ካረፈች ግን ማጥፊያው ፊቱን ያበላሻል፤ ያኔ የቀለሙን ድምቀት በዚያች ቦታ ብቻ ቀንሰው፣ አረንጓዴው ወደ ቆዳ ቀለም ይጠጋል።

ለሜሪላንዱ ወንድማችን የተለየ ጥቅም አለው። የሴንሰር አቧራ ቦታው አይቀየርምና ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ፎቶ አጽድቶ ማስተካከያውን ለቀሩት ሁሉ በአንዴ ማስተላለፍ ይችላል፣ ያነሳበት ካሜራና አያያዙ አንድ እስከሆነ ድረስ። ካሜራውን አቁሞ ያነሳቸውን ለብቻ ይለያቸው። ያንተ ነጥብ ግን ከመብራቱ ጋር ስለምትዞር እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ ነው የምትሠራው።

የቀበና ልጅ
እሺ። አሁን ከቪዲዮው ልጀምር ወይስ ከፎቶው?

ሠርግ አንሺ
ከፎቶው። ቪዲዮውን እንዳለ ላክልን፣ "ድሮኑን" እኛም እንየው።